ደንገል የለበሰ ካሚዮን

የካቲት ፳፮ ቀን ፲፱፻፴ ዓ.ም.

መርስዔ ኀዘን ታሰረ።

የካቲት ፳፯

ትናንት ከዚያ በላይ አልጻፍሁም። ባለቤቴ ወለተ ኪዳን ኩራዙን ይዛ እናቷ ዘንድ ልታለቅስ ሄዳ ነበር። ዛሬ ነገሩን በቅጡ ላስፍረው።

መርስዔ ኀዘን የወለተ ኪዳን ታናሽ ወንድም ነው። ደብተራ ነው፤ ድምፁ መልካም፣ አፉ ክፉ። ሚስት አላገባም። እኔ ቤት ይበላል፣ እኔ ቤት ያድራል፣ የእኔን ሥዕል ይነቅፋል። ትናንት ገበያ መሐል የጣልያን ባንዲራ ሲያልፍ ሰው ሁሉ እጁን ወደ ላይ እንዲዘረጋ ታዘዘ። እሱ መቋሚያ ይዞ ነበር። እጁን ሲያነሣ መቋሚያው አብሮ ተነሣና የባንዲራ ተሸካሚውን አስካሪ፣ ለጣልያን ያደረውን ወታደር፣ ቆብ መትቶ ጣለው። ቆቡ የደቀቀ በርበሬ የተሞላ ቁና ውስጥ ወደቀ። አስካሪው ሳያራግፍ አንሥቶ አጠለቀው። ከዚያ በኋላ ባንዲራ የሚይዝ ሰው አልነበረም፤ ዓይኑን ይዞ መሬት ተቀመጠ። ባንዲራውም አብሮት ተቀመጠ።

“መቋሚያውን ጥሎ እጁን ብቻ ማንሣት ይችል ነበር” አልኋት ለወለተ ኪዳን።

“አንተም ይህን ሳትል መቅረት ትችል ነበር” አለችኝ።

ቤቱ ጸጥ ብሏል። እራቴን ስበላ ማንም ወደ ገበታዬ አልተመለከተም። ይህን የምጽፈው አዝኜ ነው።

የካቲት ፳፱

የጣልያኖቹ ካምፕ ድረስ ሄጄ እንዲፈቱት ለመንሁ። አዛዡ ካፒታኖ ቀይ፣ ረዥም ሰው ነው። ላቡን እየጠረገ ቀኑን ሙሉ “ካልዶ፣ ካልዶ” ይላል፤ ሞቀኝ ማለቱ ነው። የከተማው ሰው ስሙን ትቶ አቶ ካልዶ ይለዋል። አስተርጓሚው ገብረ መስቀል ከሐማሴን አብሯቸው የመጣ ሰው ነው፤ ፊቱ ላይ ምንም አይነበብም።

ልመናዬን ሳልጨርስ ካፒታኖው ጣቶቼን አየ። ቀለም ከጥፍሬ ሥር አይለቅም።

“ሠዓሊ ነህ ወይ ይላል” አለ ገብረ መስቀል።

“የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነኝ።”

ወደ ጓሮ ወሰዱኝ። አንድ አሮጌ የጦር ካሚዮን ቆሟል። ጥይት ሲያመላልስ ኖሮ ያረጀ ነው። ካፒታኖው ከኋላው ላይ የቆርቆሮ ክፍል አሠርቶበታል። ውስጡ አልጋ አለ፣ መታጠቢያ አለ፣ ቁም ሣጥን አለ፣ መጋረጃ ያለው መስኮት አለ። ቤት ነው፤ ግን ጎማ አለው። ሚስቱ ከአስመራ ስትመጣ በጣና ዳር እየተዘዋወሩ ሊያድሩበት ነው።

“ቤት እያላቸው ለምን እዚህ ያድራሉ?” አልሁ።

“ለደስታ ነው ይላል።”

“ደስታው የቱ ጋ ነው?”

“እሱን አላስተረጉምም” አለኝ ገብረ መስቀል።

ቀለሙ ጥቁር አረንጓዴ ነው። ፀሐዩን ሲጠጣ ውሎ በሩን ስነካው እጄን ላጠኝ። ውስጡ ገብቼ ብዙ መቆም አልቻልሁም።

ስምምነቱ ይህ ነው። መልኩን እቀይራለሁ፤ ውስጡን አቀዘቅዛለሁ። ሚስቱ ለፋሲካ መጥታ ሳይሞቃት ካደረች መርስዔ ኀዘን ይፈታል። ካልሆነ ከሌሎቹ እስረኞች ጋር ጎንደር ይላካል። ጎንደር ተልኮ የተመለሰ እስረኛ አላውቅም።

“ፋሲካ ገና ሩቅ ነው” አልኋት ለወለተ ኪዳን።

መጋቢት ፪

ዝገት ስፍቅ ዋልሁ። ግምጃ ቤታቸው ያለው ቀለም ያው ጥቁር አረንጓዴ ብቻ ነው። ፀሐይን የሚመልስ ነጭ ያስፈልጋል፤ ነጩን በራሴ መንገድ እሠራለሁ።

እስረኞቹን ያጎሩበት ጎተራ ከጓሮው ጋር ይዋሰናል። ከግድግዳው ስንጥቅ የመርስዔ ኀዘን ድምፅ መጣ።

“አያ፣ እርስዎ ነዎት?”

“እኔ ነኝ። ደህና ነህ?”

“ደህና ነኝ። በግራ በኩል ሳይፍቁ የዘለሉት ዝገት አለ።”

ታስሮም አልተወኝም።

መጋቢት ፮

እኛ ቀለም በባዶ ግድግዳ ላይ አናሳርፍም። መጀመሪያ ጨርቅ በቆዳ ሙጫ እንለጥፋለን፤ በጨርቁ ላይ ኖራ እንቀባለን፤ በኖራው ላይ እንሥላለን። አባቴ እንዲህ ሠራ፤ የአባቴም መምህር እንዲህ ሠራ። ስለዚህ ካሚዮኑን ጨርቅ አለበስሁት። ከግምጃ ቤቱ ያረጀ የአልጋ አንሶላ ሰጡኝ። ለሙጫው የሞተ በቅሎ ቆዳ ሰጡኝ፤ ጓሮዬ ውስጥ ስቀቅለው ዋልሁ።

ሽታው ሰፈሩን ሞላው። የጊዮርጊሱ ቄሰ ገበዝ አባ ወልደ ሐዋርያት ከቅዳሴ ሲመለሱ አፍንጫቸውን በኩታቸው ይዘው ቆሙ።

“በዐቢይ ጾም?” አሉኝ።

“አልበላውም፣ አባ። ልለጥፍበት ነው።”

“እሱስ ገብቶኛል። በአፍንጫ የገባ አያስገድፍም የሚል ግን የትም አላነበብሁም።”

መጋቢት ፲፪

ነጩ ተቀብቶ አለቀ። ሐይቁ ዳር ወርጄ ከሩቅ አየሁት። ከታንኳ የወረዱ ሰዎችም ቆመው ያዩት ነበር። ማን ሠራው ብለው ሲጠይቁ ሰማሁ። አጠገባቸው ጥቂት ቆየሁ።

በመስኮቶቹ ዙሪያ ሐረግ ሣልሁበት። ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊ፣ እርስ በርሱ የተጠላለፈ።

“ሐረጉን ካፒታኖው አዝዞህ ነው?” አለችኝ ወለተ ኪዳን።

“አላዘዘኝም።”

“ታዲያ ማን አዘዘህ?”

“ሐረግ የሌለው መስኮት ቀዳዳ ነው።”

“ወንድሜ የተኛበት ጎተራ ከስንጥቅ ሌላ ቀዳዳም የለውም” አለችና እራት ሳታቀርብልኝ ተኛች። ሐረጉ ጥቂት ቀን ፈጅቷል። ብዙ አይደለም።

ካፒታኖው መጥቶ ነጩን አየ፤ ራሱን ነቀነቀ። አንገቱን ወደ ውስጥ አስገባ፤ አወጣ። “ካልዶ” አለ።

መጋቢት ፲፬

አያ ዳውድን ላማክር ሐይቅ ዳር ወረድሁ። በዚህ ዳርቻ ታንኳ በመሥራት የሚስተካከላቸው የለም፤ ይህን የሚሉት ራሳቸው ናቸው። ደንገል ዘርግተው ታንኳ ያስሩ ነበር። ችግሬን ነገርኋቸው።

“እኛ ዓሣ ከያዝን በኋላ እርጥብ ደንገል እናለብሰዋለን” አሉ። “ፀሐይ ሙሉ ቀን ቢወርድበት አይሸትም። ጣራውን ደንገል አልብሰን ውኃ እናጠጣው።”

“ካፒታኖው ዓሣ አይደለም፣ አያ ዳውድ።”

“አይቼዋለሁ። እንደ ዓሣ ነው የሚተነፍሰው።”

ሊረዱኝ ተስማሙ። መርስዔ ኀዘንን ይወዱታል። በማታ ታንኳ ሲያስሩ አጠገባቸው ተቀምጦ ዜማ ያጠናል፤ ዓሣው የሚመጣው በእሱ ድምፅ ነው ይላሉ። እቤት ሲያዜም እኔ ዓሣ ሲመጣ አላየሁም።

ሙጫዬን አሽትተው “ይህ የማን ካራ ነው?” አሉኝ፤ የክርስቲያን እርድ እንዳይሆን ነው።

“የጣልያን በቅሎ ነው።”

“እንግዲያ ለማናችንም አይሆንም” አሉና ተረጋግተው በእጃቸው ነኩት።

መጋቢት ፲፯

ደንገሉ ጣራው ላይ ታሰረ። አያ ዳውድ ያሰሩት በሚያውቁት በታንኳ አስተሳሰር ስለሆነ ፊቱ እንደ ታንኳ አፍንጫ ሹል ብሎ ተነሥቷል። ውኃ አፈሰስንበት። ውስጡ ገባሁ። ቀዝቃዛ ነው። እውነት ቀዝቃዛ ነው። ካፒታኖው ገብቶ ብዙ ቆየ፤ ሲወጣ ፊቱ ነጥቷል።

ማታ። ነጩ ወረደ።

መጋቢት ፲፱

በጥድፊያ ያስቀመጥሁትን ላብራራ። ውኃው ከደንገሉ ወደ ግድግዳው ፈሰሰ፤ የቆዳ ሙጫ ውኃ ሲያገኝ ይለቃል። ኖራው ተንዠቀዠቀ። አንሶላው እንደ ፈሰሰ ቀሚስ ወርዶ ጎማዎቹ ላይ ተከማቸ። ሐረጌ ጭቃ ውስጥ ነው።

“የእርስዎ ውኃ ነጬን አወረደው” አልኋቸው ለአያ ዳውድ።

“የእርስዎ ነጭ ውኃ ሳያይ ነው የኖረው?” አሉኝ።

“ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ማን ውኃ ያፈሳል?”

“ሐይቅ ላይስ ማን ኖራ ይቀባል?”

ባለቤታቸው ራሂማ ዓሣ እየበለተች ትሰማን ነበር። “ውኃው ግድግዳውን ለምን ይነካዋል? ጣራችሁን አርዝሙትና ከደጅ ይንጠብጠብ” አለች፤ ዓሣዋን ቀጠለች። ሁለታችንም ይህን ልንል ነበር።

ከጎተራው ድምፅ መጣ፦ “አያ፣ ሐረጉ ሲወርድ በስንጥቁ አየሁት። ከሩቅ ይሻል ነበር።”

መጋቢት ፳፩

እንደገና ቆዳ፣ እንደገና ሙጫ፣ እንደገና ኖራ። አባ ወልደ ሐዋርያት ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱበትን መንገድ ቀየሩ። ጣራው ረዝሞ እንደ ጎጆ ክፈፍ ወደ ውጭ ወጥቷል፤ በጎን በኩል ሰው ሊቀመጥበት የሚችል ጥላ ሠርቷል። ከአንበሳሜ ገበያ የኑግ ዘይት አስመጥቼ ኖራው ላይ እቀባለሁ። ውኃ ይመልሳል።

ሐረጉን እንደገና መሥራት ግድ ነው። ያለ ሐረግ የጎደለ ይመስላል።

መጋቢት ፳፬

ሌሊቱን ተኩስ ሰማን። ከተማው ሁሉ ሽፍታ ገባ ብሎ ተነሣ። ጠዋት ስሄድ ካሚዮኑ በር ላይ አዲስ የጥይት ቀዳዳዎች አሉ። ነገሩ እንዲህ ነው። ጅቦች የሙጫውን ሽታ ተከትለው መጡና ግድግዳውን ይልሱ ጀመር። ዘቡ ጅብ መሆኑን አላወቀም፤ ካሚዮኑ ሲነቃነቅ አይቶ ተኮሰ። ሌሎቹም እሱን ሰምተው ተኮሱ። ካፒታኖው በውስጥ ሱሪ ወጥቶ መትረየስ እንዲያመጡ አዘዘ። ጅቦቹ እስኪጠግቡ አልሄዱም አሉ።

የኋላው ነጭ እስከ ቆርቆሮው ድረስ ተልሷል።

ካፒታኖው ጠራኝ።

“ቀለምህ ውስጥ ምን አለ ይላል።”

“ቆዳ።”

“ጅብ የሚበላው ቤት ለሚስቴ ሠራህ ወይ ይላል።”

“ጅቦቹ ውስጥ አልገቡም በለው።”

ገብረ መስቀል ረዘም አድርጎ ተናገረ። ካፒታኖው ቀዝቀዝ አለ። ምን እንዳለው ገብረ መስቀልን ጠየቅሁት፤ የኑግ ዘይቱን ቀብቶ ሲጨርስ ሽታው ይጠፋል አልሁት አለኝ። እኔ አላልሁም ነበር። እውነት ነው ግን።

መጋቢት ፳፰

ካፒታኖው የጥይቱን ቀዳዳዎች የሚሸፍን ንስር በሩ ላይ እንድሥል አዘዘ። ንስር የማውቀው የወንጌላዊው ዮሐንስን ነው። ሁለት ትልልቅ ዓይኖች አድርጌ ወደ ፊት እንዲያይ ሣልሁት። ካፒታኖው አልወደደውም። ንስር በጎን ነው የሚታየው ብሎ ከኪሱ ሣንቲም አውጥቶ አሳየኝ። በእኛ ሙያ በጎን፣ በአንድ ዓይን የሚሣል ማን እንደሆነ ሕፃን ያውቃል፤ ዲያብሎስና ጭፍሮቹ ናቸው። ገብረ መስቀልን አየሁት። ገብረ መስቀል ሰማዩን አየ።

“እንዳዘዘ አድርግለት” አለኝ።

አንድ ዓይን አደረግሁለት። ካፒታኖው ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ከሰዓት በኋላ የከተማው ሰው በተራ እየመጣ አየ፤ እያማተበ ሄደ። ካፒታኖው ማማተባቸው ለሥዕሉ ክብር መስሎታል።

መርስዔ ኀዘን ከስንጥቁ፦ “አያ፣ ንስሩ የተቆጣ ዶሮ መስሏል። ምንቃሩም ጠማማ ነው።”

ምንቃሩ ጠማማ አይደለም።

ወለተ ኪዳን ቆሎ ትቆላለች። ለጾም ነው አለችኝ። ብዙ ነው።

ሚያዝያ ፫

ጉድ ነው። ገብረ መስቀል ጠዋት አገኘኝ።

“ሲኞራዋ ቅዳሜ ትገባለች። እሑድ ማታ እዚያ ውስጥ ታድራለች።”

“ለፋሲካ ተብሎ አልነበረም? እሑድ እኮ ሆሳዕና ነው።”

“ለናንተ ሆሳዕና ነው። ለነሱ ፋሲካ ነው።”

ፋሲካ ሁለት እንደሆነ አልጠየቅሁም። መጽሐፍ ሳገላብጥ የኖርሁ ሰው ባሕረ ሐሳብ ቆጥሬ የጣልያን ፋሲካ መቼ እንደሆነ አልጠየቅሁም። ሐረጉ ባይደገም... ሐረጉ ከዚህ ጋር ግንኙነት የለውም።

ለወለተ ኪዳን ነገርኋት። “ታዲያ በርታ” አለች። አልቆጣችም። ስትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ሚያዝያ ፭

ዘይት። ዘይት ብቻ። ክንዴ አይነሣም።

የጣራው ውኃ ከደረቀ ሙቀቱ ይመለሳል። አስካሪዎች ውኃ አንቀዳም አሉ፤ ስለዚህ መርስዔ ኀዘንን አውጥተው ሁለት ባልዲ አስያዙት። ከሐይቁ ይቀዳል፣ በመሰላል ወጥቶ ያፈሳል። ከስቷል። ጢሙ አድጓል።

“አያ፣ ከቅርብ ሲታይ ደግሞ የባሰ ነው” አለኝ።

ጠባቂው ያው በርበሬ የገባበት አስካሪ ነው። እስረኛውን ሐይቅ ድረስ ይከተለው ነበር።

አያ ዳውድ የሚያስሩት ታንኳ ረዝሟል። ለአንድ ዓሣ አጥማጅ እንዲህ ያለ አይታሰርም። “ለማን ነው?” ብላቸው፣ “ደንገል ተርፎኝ ነው” አሉኝ።

ሚያዝያ ፱፣ ሆሳዕና

ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ዘንባባ ተቀብዬ በቀጥታ ካምፕ ሄድሁ። ሲኞራዋ ወፍራም፣ ሣቂታ ሴት ናት። ነጩን አየች፤ ደንገሉን ነካች፤ በሐረጉ ላይ ጣቷን እያስኬደች መስኮቱን ዞረችው። አንድ ጊዜ ሳይሆን ሁለት ጊዜ። ካፒታኖው የሣለው ይህ ሰው ነው ብሎ እኔን ሲያሳያት ቀይ ቀለም የተቀባ የተቀቀለ እንቁላል ሰጠችኝ። ለፋሲካቸው ነው። ጾም ስለሆነ አልበላሁትም። ቀለሙ ወጥ አልሆነም፤ ሲቀቅሉት ቸኩለዋል። ለእኛ ፋሲካ አስቀምጬዋለሁ።

ሚያዝያ ፲

አደረች። ጠዋት ገብረ መስቀል የነገረኝ ይህ ነው፤ ሌሊት በርዷት ሁለተኛ ብርድ ልብስ ጠየቀች።

እየሮጥሁ ካፒታኖው ዘንድ ሄድሁ። ቡና እየጠጣ ነበር።

“ቀዝቅዞላታል። መርስዔ ኀዘን ይፈታልኝ።”

ረዥም ተናገረ። ገብረ መስቀል ለመተርጎም ዘገየ።

“ሥራህን ወዶታል። በጣም ወዶታል።”

“እሺ።”

“ግን እሱ ከሄደ ውኃውን ማን ያፈሳል ይላል።”

“ሌላ ሰው።”

“አስካሪ ውኃ ሲያፈስ መታየት የለበትም። እስረኛው ደግሞ ሥራውን ለምዷል። ሐሙስ ጠዋት ካሚዮኑ ሲኞራዋን ይዞ በሐይቁ ዳር ዞሮ ጎንደር ይሄዳል። እስረኛው ውኃ ለማፍሰስ ይሄዳል። አንተም ነጩን ለመጠገን አብረህ ትሄዳለህ።”

“እኔም? እስከ መቼ?”

ጠየቀው። “እስኪቀዘቅዝ ድረስ ይላል።”

ማታ ለወለተ ኪዳን ነገርኋት። ባልቀዘቀዘ ኖሮ ጎንደር ይልኩት ነበር፤ ስለቀዘቀዘ ጎንደር ይወስዱታል። መጀመሪያውኑ አበላሽቼ ብሠራው ቢያንስ እኔ እቀር ነበር አልኋት።

“አበላሽተህ መሥራት አትችልም” አለችኝ። ስድብ ይሁን ምስጋና አልገባኝም። ቆሎውን በአቁማዳ ትሞላ ነበር።

ሚያዝያ ፲፩

አያ ዳውድ ገበያ መሐል ቆመው ሲጮኹ አገኘኋቸው። ታንኳ ሌባ በዝቷል፣ አገር ጠፋ፣ አዲሱን ታንኳዬን ሊሰርቁኝ ነው ይላሉ። ለአስካሪዎቹ ሳይቀር አመለከቱ። ማንም እንዳልሰረቃቸው አይቻለሁ፤ ታንኳው ደንገሉ ጥግ ታስሮ ነው ያለው። ብነግራቸው ተቆጡኝ። “መሪጌታ፣ እርስዎ ሥዕልዎን ይሣሉ” አሉኝ። እድሜ ነው መሰል።

ካሚዮኑ ጋ ስሄድ በርበሬ የገባበት አስካሪ ከረዘመው ጣራ ጥላ ሥር ተቀምጦ ነበር። ከላዩ የሚንጠባጠበው ውኃ ዓይኑን ያሽለዋል። መርስዔ ኀዘን ብቻውን ሐይቅ ወርዶ ብቻውን ይመለሳል።

“አይከተልህም?” አልሁት።

“እዚህ ይቀዘቅዘዋል” አለ። “ጥሩ ጥላ ሠርተዋል፣ አያ። አንዳንድ ጊዜስ ጥሩ ይሠራሉ።”

አመሰገነኝ። ታሟል ብዬ ሠጋሁ።

ሚያዝያ ፲፪

ጉዞው ነገ ጠዋት ነው። የንስሩ ምንቃር ተልጧል፤ ፀሐዩ ነው። ካፒታኖው ከምሳ በኋላ ሊተኛ ሲል ሙጫ አምጥተህ ለጥፈው ብሎ ወደ ቤት ላከኝ። ሙጫው እሳት ላይ ነው። እስኪሟሟ እጽፋለሁ።

ወለተ ኪዳን የለችም። አቁማዳው የለም። ግድግዳው ላይ የሚሰቀለው የአባቴ ዳዊት ከነማኅደሩ የለም። ብሩሾቼም የሉም። ብሩሾቼን እሷ ነክታ አታውቅም።

አሁን ራሂማ መጣች። ደጃፉ ላይ ቆማ አልገባም አለች።

“መሪጌታ፣ ባለቤቴ ታንኳው ተሰርቆበት ገበያ መሐል እያለቀሰ ነው።”

“ተሰረቀ?”

“ገና ነው። ሌቦቹ አንድ ሰው ጎድሏቸው ደንገሉ ውስጥ ቆመዋል።”

ቁጭ አልሁ። ቆሎው። የታንኳው ርዝመት። ለአስካሪዎቹ የተነገረው አቤቱታ። ሁሉንም እዚህ ደብተር ላይ ጽፌዋለሁ፤ አንዱንም አላነበብሁትም።

“የት ይሄዳሉ?”

“ደቅ ደሴት። ከዚያ ወዲያ መንገዱን የሚያውቁ ሰዎች አሉ። ወንድምየው ባልዲ ይዞ ወርዷል። አስካሪው ከጥላው ሥር ያንኮራፋል። ካፒታኖውና ሚስቱም ውስጥ ተኝተዋል። በጣም ቀዝቅዞላቸዋል።”

“ምንቃሩ አላለቀም” አልኋት። ለምን እንዲህ እንዳልሁ አላውቅም።

“ወንድምየው እንዲህ እንደሚሉ ነግሮኛል” አለች ራሂማ። “‘ካሉ፣ ድሮም ጠማማ ነበር በያቸው’ ብሏል።”

ጠማማ አልነበረም። ይህን ፊት ለፊት እነግረዋለሁ። ከደቅ ወዲያም ቢሆን እነግረዋለሁ፤ ጊዜ አለን።

እንቁላሉን ከመደርደሪያው አንሥቻለሁ። ሙጫው መፍላት ጀምሯል፤ ሽታው ደጅ ደርሷል። ላመጣው ነበር የተላክሁት። ከእሳቱ አላወረድሁትም። ወጣሁ።